ከሥራ ላይ ጉዳት በኋላ የትኛው ማስታገሻ? ትራማዶል ከመጠየቃችሁ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የሚሰማው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጠንከር ያለ ማስታገሻ ስጡኝ፤ ነገ ሥራ መግባት አለብኝ።» ጠያቂዋ በአብዛኛው ወጣት ናት። የእጇ አንጓ አብጧል፣ ወይም ጣቷን የስፌት መኪና መርፌ ወግቷታል፣ ወይም ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ስትሰፋ ውላ ወገቧ አልቃና ብሏታል። ከግንባታ ቦታ የመጣው ግንበኛና ጭነት ሲያወርድ ትከሻውን የተጎዳው ሠራተኛም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ብዙዎች ጠንካራ የሚሏቸው ትራማዶልና ኮዴይን ኦፒዮይድ ከሚባለው፣ ሞርፊን ካለበት ወገን ናቸው። ሕመምን አንጎል ውስጥ ያደበዝዛሉ፤ ከሕመሙ ጋር ግን ንቃትንም ይቀንሳሉ። ያዞራሉ፣ ያቅለሸልሻሉ፣ እንቅልፍ ይጥላሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ። ትራማዶል በተለይ መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ያስከትላል። ሲደጋገም ደግሞ ሱስ ይሆናል። ይህን ወስዶ በሚሽከረከር ማሽን ፊት መቀመጥ ወይም መወጣጫ ላይ መቆም ሁለተኛ አደጋ መጋበዝ ነው።

ያን ሁሉ ከፍለን የምናገኘው ጥቅም ደግሞ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ እጅ ወይም እግራቸው ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 416 ሰዎችን በአራት ቡድን ከፈለ። አንዱ ቡድን 400 ሚሊ ግራም ኢቡፕሮፌንና 1000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አንድ ላይ ወሰደ፤ የቀሩት ሦስቱ የተለያዩ ኦፒዮይዶችን ከፓራሲታሞል ጋር ወሰዱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሕመማቸው ሲለካ በቡድኖቹ መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። በ2023 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ለድንገተኛ የወገብና የአንገት ሕመም ኦፒዮይድ ምንም መድኃኒት ከሌለው ኪኒን እንዳልተሻለ አሳይቷል።

ይህ ማለት ሞርፊን ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ጭኑ የተሰበረ ወይም ሰፊ ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ሆስፒታል ውስጥ ሞርፊን ሲሰጠው ተገቢውን ሕክምና እያገኘ ነው፤ ፈርቶ እምቢ ማለት የለበትም። ለተቀረው፣ ማለትም በእግራችን ሄደን መድኃኒት ቤት ለምንደርስበት ጉዳት፣ ምርጫው በሦስት ነገሮች ቢወሰን እመክራለሁ፦ የተጎዳው ምንድን ነው? የጨጓራችሁና የኩላሊታችሁ ጤና እንዴት ነው? ነገ የምትሠሩት ምን ዓይነት ሥራ ነው?

ፓራሲታሞል ወይስ ኢቡፕሮፌን

ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ በየመድኃኒት ቤቱም ይገኛሉ። ፓራሲታሞል ሕመምንና ትኩሳትን ይቀንሳል እንጂ እብጠትን እምብዛም አይነካም። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ግን ፀረ ብግነት ናቸው። ጉዳት በደረሰበት ቦታ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይመረታሉ፤ ቦታውን የሚያሳብጡት፣ ቀይ የሚያደርጉትና ሕመሙን የሚያባብሱት እነሱ ናቸው። ፀረ ብግነቶቹ ይህን ምርት ያግዳሉ። ስለዚህ ላበጠ ቁርጭምጭሚት፣ ለተወጠረ ጅማትና ለተመታ ጉልበት ኢቡፕሮፌን ከፓራሲታሞል ይመረጣል።

ችግሩ እነዚሁ ንጥረ ነገሮች የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቁ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም የሚያስተካክሉ መሆናቸው ነው። የጨጓራ ሕመም በየቤቱ ባለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁስለት የነበረበት ሰው፣ ጥቁር ሰገራ ያየ ሰው፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊቱ ከፍ ያለ፣ ኢቡፕሮፌን ወስዶ አስም የተነሳበት ሰው ፓራሲታሞልን ይምረጥ፤ ያለ ሐኪም ፈቃድ ወደ ፀረ ብግነት አይሂድ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛም እንዲሁ። በተለይ ከሃያኛው ሳምንት እርግዝና በኋላ ፀረ ብግነት የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዳና የእንሽርት ውኃውን ሊቀንስ ስለሚችል ፓራሲታሞል ነው የሚመረጠው። በፋብሪካዎቻችን አብዛኞቹ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች ስለሆኑ ይህን ጥያቄ መድኃኒት የሚሸጠው ሰው ራሱ ቢያነሳው ምንኛ ጥሩ ነበር። ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት።

ኢቡፕሮፌን ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ይወሰዳል። አዋቂ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ 400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ 1200 ሚሊ ግራም ቢወስድ ይበቃዋል፤ ከአምስት ቀን በላይ የሚያስፈልገው ከሆነ ሐኪም ይየው። በጾም ወቅት ጠዋት በባዶ ሆድ ኢቡፕሮፌን ውጦ ፈረቃ የሚገባ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨጓራውን ሲያቃጥል ይውላል። ለጿሚ የሚሻለው ቀን ላይ ቅባት መቀባትና ኪኒኑን ከምግብ በኋላ መውሰድ ነው። ረመዳን ላይም ያው፣ ከማፍጠሪያ በኋላ።

የፓራሲታሞል ልክ ለአዋቂ 500 ሚሊ ግራሙ ኪኒን በአንድ ጊዜ ሁለት ፍሬ ነው፤ በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ ሳይበልጥ። ክብደቷ ከ50 ኪሎ ግራም በታች ለሆነች ሠራተኛ ግን ይህ ይበዛባታል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬ ትውሰድ፣ የቀኑንም ጠቅላላ ልክ ባለሙያ ይወስንላት። አዘውትሮ የሚጠጣ፣ የጉበት ሕመም ያለበት ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያለ ሰውም ሳይጠይቅ አይጀምር። ፓራሲታሞል ከልኩ ሲያልፍ የሚጎዳው ጉበትን ነው፤ ጉዳቱም አንድ ሁለት ቀን ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው ታይሌኖል፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ፓናዶል፣ ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችና አንዳንድ የጡንቻ ማፍታቻዎች በውስጣቸው ያው ፓራሲታሞል አለባቸው። አድቪል ደግሞ ኢቡፕሮፌን ነው። ስሙ ስለተለያየ መድኃኒቱ የተለያየ ይመስላል፤ ሰው ሳያውቀው እጥፍ ይወስዳል። ከማሸጊያው ጀርባ በትንሹ የተጻፈውን ስም አንብቡ።

ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል፤ አንዳቸው ብቻውን ሲያቅተው ከሁሉ በፊት የምመክረውም ይህንን ነው። ኢቡፕሮፌንን ከዲክሎፌናክ ጋር መደረብ ግን ክልክል ነው። ሁለቱ ያው ፀረ ብግነት ስለሆኑ ጥቅሙ ሳይጨምር የጨጓራ መድማት አደጋው ይጨምራል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ካላችሁኝ ኢቡፕሮፌንን አስቀድማለሁ፤ ዲክሎፌናክ በልብና በደም ሥር ላይ የሚያስከትለው አደጋ በዚያ ልክ ከሚወሰድ ኢቡፕሮፌን ከፍ ይላል።

ስለ መርፌ

«መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምኩም» የሚለው እምነት ብዙ ሰው እያስወጣና እየጎዳ ነው። የዲክሎፌናክ መርፌ ከኪኒኑ በጥቂቱ ፈጥኖ ይጀምር ይሆናል። ሕመሙን የሚያስታግሰው ንጥረ ነገር ግን ያው ነው፤ አንዴ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ኪኒኑም መርፌውም አንድ ናቸው። መርፌው በጡንቻ ስላለፈ ጨጓራን ያተርፋል ማለትም ስህተት ነው፤ ጨጓራን የሚጎዳው በደም በኩል ደርሶ ስለሆነ አደጋው አይቀርም። በተጨማሪ መርፌው የተወጋበት ቦታ ሊመግል ይችላል፤ መቀመጫ ላይ ቦታው ከተሳተ ደግሞ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊነካና እግርን ሊያደክም ይችላል። የሚያስመልሰው፣ መዋጥ የማይችል ወይም የኩላሊት ጠጠር ሕመም የያዘው ሰው መርፌ ቢወጋ ምክንያት አለው። ለተወጠረ ትከሻ ግን አያስፈልግም።

የተናቀው ቅባት

በዚህ ንጽጽር ውስጥ ተገቢውን ክብር ያላገኘው የዲክሎፌናክ ጄል ነው። ሰው «ይህ እኮ ቅባት ነው» ብሎ ይንቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የውስጥ ደዌና የቤተሰብ ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት መመሪያ፣ ከወገብ ውጭ ላለ ድንገተኛ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጉዳት በአንደኛ ደረጃ የመከሩት ከኪኒኑም ከመርፌውም በፊት ይህንን በቆዳ ላይ የሚቀባ ፀረ ብግነት ነው። በዚያው መመሪያ ትራማዶልን ጨምሮ ኦፒዮይድ እንዳይታዘዝ መክረዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መድኃኒቱ በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ይከማቻል፤ ወደ ደም የሚገባው በኪኒን ከሚገባው ስድስት በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ ጨጓራ ላይ የሚያደርሰው ጫና እጅግ ያነሰ ነው። እንቅልፍም አያመጣም። ነፍሰ ጡሮች ግን እሱንም ሳይጠይቁ አይጠቀሙ።

በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በስሱ ይቀባል። የተላጠ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ አይደረግም፤ ከቀባችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። ለቁርጭምጭሚት፣ ለእጅ አንጓ፣ ለጉልበትና ለክርን ይሠራል፤ ለወገብ ግን ሕመሙ ከጥልቅ ስለሚመጣ ብዙ አትጠብቁበት። የሚያቃጥሉና የሚያቀዘቅዙ፣ የሜንቶል ሽታ ያላቸው ቅባቶች ስሜቱን ለጊዜው ያዘናጋሉ፤ እብጠቱን ግን አይፈውሱም።

እንደ ጉዳቱ ዓይነት

ወለምታ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የቅዝቃዜ ናቸው። በረዶ ካልተገኘ ከሱቅ ማቀዝቀዣ የወጣ የውኃ ፕላስቲክ በፎጣ ጠቅልሎ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ መያዝ ይበቃል፤ በቀን ውስጥ ደጋግሙት። እግሩን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ መተኛት እብጠቱን ያወርዳል። በእነዚህ ሁለት ቀናት ማሸትና ሙቅ ውኃ አይደረግም። ከዚያ ጄል፣ ካስፈለገም ኢቡፕሮፌን። ስብራት መኖር አለመኖሩን ለመገመት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል መመዘኛ አለ፦ ከጉዳቱ በኋላ በተጎዳው እግር አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ወይም የቁርጭምጭሚታችሁ ጉብታ አጥንት የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ሲጫን የሚያሳምም ከሆነ፣ ከማስታገሻ በፊት ራጅ ተነሱ።

ወገብ ሌላ ነው። ከቅዝቃዜ ይልቅ ሙቀት ይሻለዋል፤ ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ አድርጎ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ። ሙሉ ቀን አልጋ ላይ መዋል ያደነድነዋል፤ በቀስታ መራመድ ይፈታዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ ከ1600 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአውስትራሊያ ጥናት ፓራሲታሞል ብቻውን የድንገተኛ ወገብ ሕመምን ማገገሚያ ጊዜ እንዳላሳጠረ አሳይቷል። ስለዚህ ጨጓራው ለሚፈቅድለት ሰው ለጥቂት ቀን ኢቡፕሮፌን ይሻላል። ጡንቻ ማፍታቻ ኪኒን አንዳንዱን ይረዳል፤ ሆኖም እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ እንጂ ፈረቃ ከመግባት በፊት አይወሰድም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ሁለቱ ጭኖች መካከል ከደነዘዘ፣ ወይም እግር ከዛለ ማስታገሻ እያማረጡ መቆየት የለም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

የስፌት መኪና መርፌ ጣትን ሲወጋ ብዙውን ጊዜ በጥፍሩ በኩል ያልፋል፤ አንዳንዴም ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። ከላይ ስታዩት አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ ትሆናለች፤ ሕመሙ ግን ልብ በመታ ቁጥር ጣቱን ይነዝረዋል። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ማስታገሻ ሐኪሙ በጣቱ ሥር ግራና ቀኝ የሚወጋው ሊዶኬይን ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ጣቱ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ስባሪው ይፈለጋል፣ ቁስሉ ይታጠባል፣ የቴታነስ ክትባት ያልተሟላለት ይከተባል። ከዚያ በኋላ እጅን ከልብ ከፍታ በላይ ማድረግና ፓራሲታሞል ይበቃል። ቡና ነስንሶ አስሮ ወደ ማሽኑ መመለስ ስባሪውን ከነቆሻሻው ውስጥ መዝጋት ነው፤ ደግሞም መርፌ ተሰብሮ የቀረበትን ጣት ማስታገሻ ብቻ መስጠት ምልክቱን መደበቅ ይሆናል።

የእንፋሎት ካውያ ሲያቃጥል ደግሞ የመጀመሪያው ማስታገሻ ቧንቧው ነው። 20 ደቂቃ ሙሉ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ያዙት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ በረዶ አይደረግበትም። ከዚያ ንጹሕ ነገር ሸፍናችሁ ፓራሲታሞል ውሰዱ። ቃጠሎው ከእጅ መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ጤና ተቋም ይታይ።

ራሱን የተመታ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ፓራሲታሞል ብቻ። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የደም መርጋትን ስለሚያውኩ ውስጥ ላይ እየደማ ያለን ጉዳት ሊያባብሱ ይችላሉ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ግራ ከተጋባ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ።

ወጌሻ ወይስ ፊዚዮቴራፒ

ወጌሻን አላጣጥልም። እጁ የለመደ ወጌሻ የተወጠረ ጡንቻን ያላላል፣ ሰውንም ያጽናናል፤ ለብዙ ቤተሰብ ከሆስፒታል ይልቅ ቅርብ እሱ ነው። የምለየው በጊዜና በጉዳት ነው። ከሳምንት በኋላም ላልለቀቀ የጡንቻ ሕመም መታሸት ጉዳት የለውም። ስብራት ወይም ውልቃት ሲጠረጠር ግን ራጅ ይቀድማል፤ አዳሬ ሆስፒታልም ሆነ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሩቅ አይደሉም። በቀርከሃ ተጠብቆ የታሰረ ክንድ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ እጅ እስከ መቆረጥ ያደረሰባቸው ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች በየጊዜው ይታያሉ። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሕመሙ በሰዓቱ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ በማስታገሻ ዝም የሚያሰኙት ሕመም አይደለም። በሲዳማ ለተሰበረ ሰው ለይተው የሚያበሉት የእንሰት ዓይነት አለ፤ ይብላ፣ ምግብ ነው፤ ብቻ በጄሶው ፈንታ አይሁን።

ፊዚዮቴራፒ የሚበልጠው ሕመሙ ከሁለት ሳምንት ሲያልፍ ነው። ባለሙያው የሚያስተምረው የትከሻና የወገብ እንቅስቃሴ ቤት ውስጥ ያለ ምንም ዕቃ የሚሠራ ነው፤ አንድ ጊዜ በትክክል ከተማራችሁት ዕድሜ ልክ ያገለግላችኋል። ትጋት ይጠይቃል እንጂ ጨጓራ አያቃጥል፣ እንቅልፍ አይጥል።

ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የተባሉት መድኃኒቶች ለነርቭ ሕመም እንጂ ለወለምታ አይደሉም፤ እነሱም ያፈዛሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የተፈቀደው ሱዜትሪጂን የሚባለው አዲስ ኪኒን ኦፒዮይድ ሳይሆን የሕመም መልእክት በነርቭ እንዳይተላለፍ የሚያግድ ነው። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን እዚህ ከተዘረዘሩት ርካሽ አማራጮች አስቀድሞ የሚታሰብ አይደለም።

ዕረፍትም አንዱ አማራጭ ነው

ብዙ ሠራተኛ ጠንካራ መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ ስለጠና ሳይሆን መቅረት ስለሚያስፈራው ነው። ደመወዝ ይቆረጣል፣ የመገኘት ማበረታቻ ይቀራል፣ ተቆጣጣሪው ይቆጣል። ስለዚህ የተጎዳውን ጅማት በኪኒን አደንዝዞ እንደገና ይጠቀምበታል፤ በአምስት ቀን የሚድነው ወር ይፈጃል። ሕመሙ «በቃ» ሲላችሁ እንዳትሰሙ የሚያደርግ ማንኛውም መድኃኒት፣ ኢቡፕሮፌንም ቢሆን፣ ለዚህ ሲውል ጎጂ ነው።

ሕጉ ይህን ያውቃል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ማድረስ፣ የሕክምናና የመድኃኒት ወጪን መሸፈንና ጉዳቱን መዝግቦ ማሳወቅ አለበት። ሠራተኛው ሥራ መሥራት ሳይችል ሲቀር እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ ያገኛል፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ።

ይህ መብት በእጅ የሚገባው ግን በወረቀት ነው። ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ወደ ቤት የገባ ሰው ጉዳቱ ሥራ ላይ ስለመድረሱ ምን ያሳያል? ስለዚህ ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ለቅርብ ኃላፊያችሁ ምስክር ባለበት ንገሩ፤ በድርጅቱ ክሊኒክ መዝገብ ላይ ስማችሁ፣ ሰዓቱና የሆነው ነገር መጻፉን በዓይናችሁ እዩ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «ሥራ ላይ ነው የተጎዳሁት» ብላችሁ አስጽፉ። የዕረፍት ወረቀቱን ከማስረከባችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የኢቡፕሮፌኗን ደረሰኝ ጭምር አስቀምጡ።